«ውሃ አያስገባም» ተብሎ የሚሸጥ የኩሬ መብራት፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ አካባቢ ሰፋ ያለ ግቢ ያላችሁ፣ ጓሮ ውስጥ ኩሬ ያሠራችሁ ወይም ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። «ሙሉ ፓኬጅ የኩሬ መብራት፣ ዕቃውም የእጅ ዋጋውም ከእኛ» የሚሉ ሰዎች በየሰፈሩ እየዞሩ ነው። ቴሌግራም ላይም ማስታወቂያ አላቸው። ቪዲዮው ያምራል። ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ሪሞትም አለው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጎረቤቴ ግቢ የሆነውን ስሙ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጓሯቸው ውስጥ ትልቅ ኩሬ አሠርተው ዓሣ ለቀውበታል። ቅዳሜና እሁድ ልጆቻቸው ሲመጡ ቡናው እዚያ ዳር ነው የሚፈላው። ታዲያ ለማታ መብራት አማራቸው። ሰዎቹ መጡ፣ በሜትር ለኩ፣ 24 መብራት ያስፈልጋል አሉ። ጋሼ «ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ላይ አያሰጋም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። መልሱ «ፋዘር፣ ምንም አያስቡ፤ ውሃ አያስገባም፣ ኦሪጅናል ነው» የሚል ነበር። ግማሹን በቀብድ፣ የቀረውን ሥራው ባለቀበት ማታ ከፈሉ። ደረሰኝ የለም። በእጅ የተጻፈች ወረቀት ብቻ ተሰጣቸው፤ እሷም «24 መብራት ከነገጠማው» ከማለት ሌላ ምንም አትልም።

መጀመሪያ ሰሞን አምሮ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የመብራቶቹ መስታወት በውስጥ በኩል ላብ ያዘ። አንዳንዶቹ ጠፉ። ከዚያ አትክልተኛው የወደቀ ቅጠል ሊለቅም እጁን ውሃው ውስጥ ሲሰድ ነዘረው። ደግነቱ ወደ ኋላ ወደቀና ተረፈ። ብሬከሩ ግን አልወረደም። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የቤት ፊኒሺንግ ሥራ ላይ ስለምውል ጋሼ ጠሩኝና የማምነውን ኤሌክትሪሺያን ይዤ ሄድኩ። ቆጣሪው ጋ አጥፍተን መብራቶቹን አወጣናቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ትንንሽ ፓውዛዎች ናቸው። ጀርባቸው ላይ አይፒ65 ይላል። በቀጥታ 220 ቮልት ነው የተሰጣቸው። መገጣጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሎ ድንጋይ ሥር ተደብቋል። አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ (የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው) ደግሞ አላስፈላጊ ሆኖ ታይቷቸው ነው መሰለኝ፣ ከሥሩ ተቆርጧል።

አይፒ ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ስለ አቧራ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ። ሁለተኛው 5 ከሆነ ዕቃው ከጎማ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። ዝናብ አይበግረውም። መጥለቅ ግን አይችልም። 7 ከሆነ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ ድንገት ውሃ ውስጥ ለወደቀ ዕቃ እንጂ እዚያው ለሚኖር አይሆንም። ኩሬ ውስጥ የሚቀመጥ መብራት 8 መሆን አለበት። እሱም ቢሆን አምራቹ እስከ ስንት ሜትር እንደፈቀደ ይታያል። ስለዚህ ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ ዋሽተዋል ማለት አይቻልም። ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ውሃ አያስገባም ነበር። የሚያናድደውም ይሄው ነው።

ስቲከር ደግሞ ማንም ያትማል። ካርቶኑ ላይ አይፒ68 ተጽፎ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ። ሙሉውን ከማስጫናችሁ በፊት አንዱን መብራት ሳይሰካ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት መስታወቱን እዩ። ውስጡ ጤዛ ካለ ዕቃውን መልሱ። ይህን ሙከራ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ነገሩ አለቀ፤ በሩን አሳዩት።

አሁን ወደ ብሬከሩ። ሻጮቹ «ብሬከር አለው» ይላሉ፣ እኛም ልባችን ያርፋል። ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰው እንዳይሞት አይደለም። 16 አምፒር የሚለው ከዚያ በላይ ካልሄደበት አይወርድም። ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፒር አንድ አሥረኛ ይበቃል። አትክልተኛው ሲነዘር ብሬከሩ ዝም ያለው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሥራው ስላልሆነ ነው። ለዚህ የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው ሳይመለስ ከቀረ፣ የሆነ ቦታ ፈስሷል ማለት ነውና ወዲያው ይቆርጠዋል። ሰውን ለመጠበቅ የሚገባው 30 ሚሊ አምፒር የሚለው ነው። ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ ስትጫኑት መውረድ አለበት። ካልወረደ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ከሁሉም የሚሻለው ግን 220 ቮልትን ጭራሽ ወደ ውሃው አለማስጠጋት ነው። ደህና የኩሬ መብራት በ12 ቮልት ይሠራል። ትራንስፎርመሩ ከኩሬው ርቆ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ተራ አዳፕተር ሳይሆን 220ውን ከ12ቱ ለይቶ የሚያቆም፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ይሁን። እዚህም ላይ ሌላ ብልጠት አለ፣ ቀጭን ሽቦ። 60 ዋት መብራት በ220 ቮልት የሚስበው ከአንድ ሦስተኛ አምፒር በታች ነው። በ12 ቮልት ሲሆን 5 አምፒር ይስባል። ከቤቱ እስከ ኩሬው 25 ሜትር ቢሆንና በ1.5 ሽቦ (ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ማለት ነው) ቢዘረጋ፣ 3 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። መብራቱ ጋ የሚደርሰው 9 ነው። በ4 ሽቦ ከሆነ ግን የሚጠፋው 1 ቮልት ቢሆን ነው፣ ትንሽ ቢያልፍ። «መብራቱ ለምን ፈዘዘ?» ስትሉ «የሰፈራችሁ ኃይል ደካማ ነው» ይሏችኋል። ከከተማ ወጣ ብለን ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህ ሰበብ ቶሎ ይዋጥልናል። ፕሮፎርማው ላይ «ኬብል» ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ የስንት ሽቦ እንደሆነ አስጨምሩ።

ግን 24 መብራት ለምን? በፍሬ ስለሚሸጡ ነዋ! ለጋሼ ኩሬ አምስት ስድስት ይበቃ ነበር፣ እሱም አብዛኛው ደረቅ መሬት ላይ ሆኖ። ጸጥ ያለ ውሃ ማታ ከፊቱ ያለውን መልሶ ያሳያል። ዳር ያለችውን ዛፍ ወይም ድንጋዩን ከታች ወደ ላይ ብታበሩ፣ ኩሬው ውስጥ ደግማችሁ ታዩታላችሁ። ውሃ ውስጥ ያለ መብራት የሚያምረው ውሃው ጥርት ያለ ሲሆን ነው። በክረምት ጎርፉ አፈር ይዞ ሲገባ የሚያበራው ጭቃውን ነው። መብራቱ ወደምትቀመጡበት እንዳይዞር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሌላው ሁሉ አይታይም። ቀለሙን በተመለከተ 3000 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለው ይሻላል። 6500 የሚለው ነጭ ትንኝና የእሳት እራት ይጠራል። በሪሞት የሚቀያየረው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ግን የሠርግ አዳራሽ ነው የሚመስለኝ።

ዓሣ ያላችሁ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አታብሩ። ዓሣም ጨለማ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ብርሃን ሲበዛ አረንጓዴው አልጌ ይመቸዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሚያጠፋ ታይመር ብዙ ወጪ አይደለም፣ ፓኬጁ ውስጥ ግን አላየሁትም። ስለ ዓሣው ራሱ ምክር ለሚፈልግ ሰበታ ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ።

«እንግዲያው ሶላር ይሻላል» የሚል ይኖራል። ለአደጋው አዎ፣ ይሻላል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ግን አትመኑ። 200 ዋት ተብሎ ተጽፎ ፓኔሉ የአንድ ወረቀት ገጽ ያህላል። ያን የሚያህል ፓኔል እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ 12 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይማ ደመናው እያለ አንድ ሁለት ሰዓት አብርቶ ይተኛል።

ጋሼ ሰዎቹ ጋ ደጋግመው ደውለዋል። መጀመሪያ «ነገ እንመጣለን» ይሉ ነበር፣ አሁን ስልኩ አይነሳም። ደረሰኝ ስለሌለ የት ሄደው ይክሰሱ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ደረሰኝ የማግኘትና ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት ሰጥቶታል። መብቱን ለመጠቀም ግን ማን እንደሸጠላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ንግድ ፈቃዱን እዩ። ገጣሚው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ እንዳለው ጠይቁ። የመብራቱ ቮልት፣ አይፒው፣ የሽቦው ውፍረትና አርሲዲው በጽሁፍ ይስፈሩ። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ አንድ ደህና ዝናብ ካየ በኋላ ይሁን። ሥራውን የሚያምን ሰው በዚህ አይከፋም፣ ቢበዛ ትንሽ ያጉረመርማል።

ይህን እያነበባችሁ «የኛስ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ መብራቱ ስለጠፋ ብቻ ውሃው ውስጥ እጅ አትስደዱ። ማጥፊያው የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሪሞቱ ደግሞ ምንም አይቆርጥም። የኩሬውን ብሬከር አውርዱ፤ የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ዋናውን አውርዱ። ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ልጆችንም ሆነ አትክልተኛውን ከዳሩ አርቁ። የውሃ ፓምፑንም አስፈትሹ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱም ከዚያው መስመር ላይ ነው የተቀጠለው።