ወጌሻ ወይስ ጄሶ? የልጅ ክንድ ሲሰበር

ጎጃም ውስጥ ልጅ ከዋንዛ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ወጌሻን ነው። ወጌሻው ጎረቤት ነው፤ ክፍያው ቀላል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ አያሻም። እጁ የሰላ ወጌሻ መኖሩንም አልክድም። ችግሩ ማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ስንጣሪ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። እጃቸው እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆች አሉ።

ሆስፒታል ግን ራጅ አንሥቶ ሁለቱን የክንድ አጥንቶች ያያል። የተዛነፈው በማደንዘዣ ተስቦ ይስተካከላል፤ ከዚያ ጄሶ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። የልጅ አጥንት ሲያድግ ትንሽ መጣመምን ራሱ ስለሚያቃና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው።

ወጪውና መንገዱ ቢከብድም ምርጫዬ ሆስፒታል ነው። እስኪደርሱ ክንዱን በካርቶን ደግፎ ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ጄሶም ቢሆን ክንዱን ከመጠን በላይ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሲዘረጉ ሕመሙ ከባሰ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።