ሐዋሳ ላይ በስልኬ ያገኘኋቸው ባለሙያዎች

ለወንድሜ ሰርግ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። ባለሙያ የመፈለጉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ፤ ሁሉንም ያገኘሁት በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ነው። ያስደሰተኝንም ያናደደኝንም ልጻፍ፤ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል፣ ለባለሙያዎቹ ደግሞ ይበልጥ።

ከሹሩባ ሠሪዋ ልጀምር። አቶቴ አካባቢ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ቴሌግራም ቻናሏ ላይ በእያንዳንዱ ሹሩባ ፎቶ ሥር ዋጋው፣ የሚፈጀው ሰዓት፣ ዊጉ ከእሷ ይሁን ከደንበኛው በግልጽ ተጽፏል። ማታ ጻፍኩላት፤ ጠዋት በድምፅ መለሰችልኝ። “እህቴ፣ ፀጉርሽን ከኋላ አስነሺና ፎቶውን ላኪልኝ። ሳላየው ዋጋ ብነግርሽ ነገ እንጣላለን” አለችኝ። ፎቶውን አይታ ቁርጡን ነገረችኝ። ሎኬሽንም ልካለች፤ እኔን ያደረሰኝ ግን የድምፅ መልእክቷ ነው፦ “ለባጃጁ አቶቴ በዪው። ከአስፋልቱ ስትገቢ፣ ኮብልስቶኑ ላይ አረንጓዴ በር አለ።” ሳልዞር ደረስኩ። የከፈልኩት የተነጋገርነውን ነው። ከውጭ መጣች ተብሎ አንድ ብር አልተጨመረብኝም። ይህን የምታነቡ ዲያስፖራዎች ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እየሠራችኝ ስለ ገበያዋ ጠየቅኳት። “ቲክቶክ ላይ የሚያዩኝ ብዙዎቹ ዓረብ አገርና አሜሪካ ናቸው። ኮሜንታቸው ደስ ይላል፤ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ግን የሐዋሳ ሰው ነው” አለችኝ። ለዚህ ነው ቪዲዮዋ ገና ሲጀምር “ሐዋሳ፣ አቶቴ” የሚል ጽሑፍ በትልቁ የሚታየው። ማስታወቂያዋን በሲዳምኛም በአማርኛም ታወጣለች። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ለእሑድ ያልተያዙ ሰዓቶችን ትለጥፋለች። ለምን እሑድ? ከደንበኞቿ ብዙዎቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ የሚያርፉት ያን ቀን ነው። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ሁሉም ያወራው ስለ ፋብሪካ ነበር። እሷ ግን ደመወዝ የምትቀበለዋን ልጅ አየች፣ ስንት ሰዓት ስልኳን እንደምትከፍትም አወቀች። በጣም ነው ያደነቅኳት። እኛ ውጭ ያለነውም ላይክ አድርገን ከማለፍ ቪዲዮውን ሐዋሳ ላለች እህታችን ብንልከው ለእሷ ደንበኛ ነው።

ኬክ ጋጋሪዋ ሱቅ የላትም፤ ቤቷ ነው የምትሠራው። ለማያውቁት ሰው ቀብድ መላክ ያስፈራል። እሷ ይህን ታውቃለች። በቅርቡ የሠራችላቸውን ሁለት ሰዎች ራሷ አስፈቅዳ ስልካቸውን ሰጠችኝ፤ አንዷ የእናቴ ጎረቤት ሆና ተገኘች! ግማሹን በቴሌብር ላክሁ። ወዲያው የኬኩን ዓይነት፣ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት፣ ቀሪውን ሂሳብ ጽፋ ላከችልኝ። በሰርጉ ቀንም በሰዓቱ ደረሰ፣ ጣዕሙም ግሩም ነበር። (አገር ቤት እንደገባችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አውጡ፤ በፓስፖርት ይሰጣል። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ጥሬ ገንዘብ አይጠይቅም።)

ዲኮሩ ላይ ግን ተቃጥያለሁ። የአንዱ ድርጅት ገጽ እጅግ ያማረ ነው፤ ተከታዩም ብዙ ነው። በየፎቶው ሥር “ዋጋ በውስጥ መስመር” ይላል። እሺ ብዬ በውስጥ መስመር ጻፍኩ። “ስልክ ላኪ” አሉኝ። ላክሁ። ዝም። ከቀናት በኋላ ደውለው መጀመሪያ የጠየቁኝ “ከየት አገር ነው የመጣሽው?” ብለው ነው። ዋጋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተውኩት። ሰርጉን ያስጌጠልን ጥቂት ተከታይ ያለው አንድ ወጣት ነው። የሦስት ዓይነት ዲኮር ዋጋ ፌስቡክ ገጹ አናት ላይ ሰክቷል። አዳራሹን ሳያይ ግን አልተዋዋለም፤ ሜትር ይዞ መጥቶ መድረኩን ለካ።

እባካችሁ ነጋዴዎች፣ ዋጋችሁን ጻፉ። ቁርጥ ዋጋ መናገር ካልተቻለ “ከዚህ ይጀምራል” በሉ። ተወዳዳሪ ያየዋል ብላችሁ ስትደብቁት ደንበኛውም አያየውም። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ውስጥ ቆማ ስልኳን የምታገላብጥ ሴት አምስት ቦታ ዋጋ ለመጠየቅ ጊዜ የላትም። ዋጋውን ወዳየችበት ትሄዳለች።

አሞራ ገደል አጠገብ ያለች አንዲት ዓሣ ቤትም ይህ ገብቷታል። ጠዋት ጀልባ ሲገባ አጭር ቪዲዮ ትለቃለች፦ ዛሬ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ የለም፣ ጥብሱ ይህን ያህል። ያን አይተን ሄድን። ያለችው ሁሉ ነበር፤ ዳጣውም ያቃጥላል።

ጥር ላይ ሰርግ ያላችሁ ለሹሩባውና ለኬኩ ከገና በፊት ቀን ያዙ። ሁለቱም በቀን የሚቀበሉት ሰው ውስን ነው፤ ቀኑ ከሞላ ለዘመድም አይከፍቱም።