ራስት ለፉል-ስታክ ዴቨሎፐር፦ የመሣሪያው ግምገማ

ጃቫስክሪፕት ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሠራ ዴቨሎፐር ወደ ሲስተም ፕሮግራሚንግ (ለማሽኑ ቅርብ የሆነ፣ ፍጥነት የሚፈልግ ሥራ) ሲያማትር ቀድሞ የሚጠቆምለት የራስት ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥሪት 1.0 የወጣለት ይህ ቋንቋ በ2022 መጨረሻ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 6.1 ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «ይቆያል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ እንለፈውና አብረውት የሚመጡትን መሣሪያዎች እንመዝን።

መጫኛው ራስትአፕ ነው። ምርጫ ካልተሰጠው ሰነዱን፣ ፎርማተሩን (ኮዱን አስተካክሎ የሚያሰድረውን)ና ክሊፒን (የኮድ ጉድለት ጠቋሚውን) ጨምሮ ያወርዳል። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ፕሮፋይሉን «ሚኒማል» ካደረገው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው)፣ ስታንዳርድ ላይብረሪውና ካርጎ (ላይብረሪ አውራጁና ፕሮጀክት ገንቢው፣ እንደ ኤንፒኤም ያለ) ብቻ ይመጣሉ። ሰነዱን መተው ግን አያዋጣም፤ «ራስትአፕ ዶክ» ኢንተርኔት በሌለበትም ይከፍተዋል። ላይብረሪዎችንም በ«ካርጎ ፌች» አስቀድሞ አውርዶ በ«ኦፍላይን» ፍላግ (ከትእዛዙ ጋር የሚጨመር ምርጫ) መሥራት ይቻላል።

አዲስ ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የመጀመሪያ ስህተት «ሊንከር ሲሲ አልተገኘም» የሚለው ነው። ራስት የተገነቡትን ቁርጥራጮች በመጨረሻ ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያያይዘው በሲ ቋንቋ መሣሪያዎች በኩል ስለሆነ ቢልድ-ኢሴንሺያል የተባለው ጥቅል ሲጫን ይፈታል። ዊንዶውስ ላይ የቪዥዋል ስቱዲዮ ቢልድ ቱልስ ያስፈልጋል፤ እሱ ከራስትም ይከብዳል።

ትልቁ ሀብት ኮምፓይለሩ ነው። ጃቫስክሪፕት የለመደ እጅ ስትሪንግ ለፈንክሽን ይሰጥና ቀጥሎ ያንኑ ቬሪያብል ይጠቀማል። ራስት ውስጥ ግን የስትሪንጉ ባለቤትነት ወደ ፈንክሽኑ ተላልፏልና ኮምፓይለሩ ኢ0382 የሚል የስህተት ቁጥር ሰጥቶ ያስቆማል፤ የተላለፈበትን መስመር ያሳያል፤ በ«ኤክስፕሌይን» ሲጠየቅም ከነምሳሌው ያብራራል። ብዙ ጀማሪ በየቦታው ክሎን (ሙሉ ቅጂ) እየጨመረ ያመልጣል። ኮዱ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሉፕ ውስጥ ትልቅ ስትሪንግ በየዙሩ ሲገለበጥ ራስት የተመረጠበት ፍጥነት ይባክናል። የፈንክሽኑ ሥራ ማንበብ ብቻ ከሆነ ሬፈረንስ (ባለቤትነት ሳይወስድ የሚያይበት ጠቋሚ) ይቀበል።

ኤሲንክ (ሌላ ሥራ እስኪያልቅ ሳይቆም የሚጠብቅ ኮድ) ላይ ይህ የኮምፓይለሩ ደግነት ይቀንሳል። የስታንዳርድ ላይብረሪውን ሚውቴክስ (የጋራ ዳታን በአንድ ጊዜ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚፈቅድ) ቁልፍ እንደያዘ አዌይት የሚል ኮድ ቶኪዮ (የኤሲንክ ማስኬጃ ላይብረሪ) ላይ ስፖውን ሲደረግ (ለብቻው እንዲሄድ ሲለቀቅ)፣ ፊውቸሩ (እንደ ጃቫስክሪፕት ፕሮሚስ ያለው ያላለቀ ሥራ) ከትሬድ ወደ ትሬድ ሊላክ አይችልም የሚል ራስ የሚያዞር ረጅም መልእክት ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአዌይት በፊት በተለየ ብሎክ ውስጥ ቁልፉን መልቀቅ።

ዋናው ድክመት ክብደቱ ነው። የተገነባው ውጤት የሚቀመጥበት «ታርጌት» ፎልደር በየፕሮጀክቱ ጊጋባይቶች ሊውጥ ይችላል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ትልቅ ፕሮጀክት ሲገነባ ሜሞሪ ያልቅና ኮምፓይለሩ በሲግናል 9 (ሲስተሙ በግድ ሲያቆመው) ይገደላል፤ በ«ጄ» ፍላግ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሥራዎች ወደ 2 ማውረድ ይረዳል። ኮድ እየተጻፈ ላለበት ጊዜ «ካርጎ ቼክ» ይበቃል፤ ማሽን ኮድ ስለማያመነጭ ከ«ቢልድ» ይፈጥናል። የፕሮግራሙ ፍጥነት የሚለካው ግን በ«ሪሊዝ» (ለፍጥነት ተመቻችቶ በሚገነባው) ብቻ ነው፤ ዲበግ ስህተት ለመፈለግ የሚገነባው ነው። በዲበግ ለክቶ «ከኖድ (ከጃቫስክሪፕቱ የሰርቨር ማስኬጃ) ያዘግማል» የሚል አይጠፋም!

ታዲያ ለማን? ኖድ ውስጥ ምስል የሚያሳንስ ወይም ግዙፍ ፋይል የሚተነትን ክፍል ላለው፣ ያንን ክፍል ብቻ በራስት ጽፎ በኖድ-ኤፒአይ (በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ክፍል ከኖድ ጋር በሚያገናኘው መንገድ) ማገናኘት ያዋጣል። ጊዜው ሁሉ የፖስትግሬስን ዳታቤዝ ሲጠብቅ ለሚያልፍ ኤፒአይ ግን ዳታቤዙ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) መጨመር ይቀድማል።

ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ የፈለገ ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ እንዲካተት የሚቀርብ ጥያቄ) ከመላኩ በፊት «ካርጎ ኤፍኤምቲ»ን፣ «ካርጎ ክሊፒ»ንና «ካርጎ ቴስት»ን ያሂድ፤ አለበለዚያ አውቶማቲክ ፍተሻው ቀድሞ ይመልሰዋል። የኮምፓይለሩ ሪፖዚቶሪ (የኮድ ማከማቻ) ለጀማሪ የሚሆኑ ሥራዎችን «ኢ-ኢዚ» በሚል መለያ ያስቀምጣል፤ ግን ኮምፓይለሩን ራሱን መገንባት ደካማ ላፕቶፕ አይችለውም። ለእንዲህ ያለው ማሽን የክሊፒ ሪፖዚቶሪ ይሻላል፤ ተዘጋጅቶ በሚወርድ የናይትሊ (በየሌሊቱ የሚወጣ የሙከራ ሥሪት) ኮምፓይለር ይገነባል።