ለፋሲካ የሚደርስ የገና ስጦታ፦ ፓወር ባንክ ወይስ ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ?

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ጓደኞቼ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከሁለት ሺህ ብር ባልበለጠ ምን ይገዛል?» ልብስ እንዳንገዛ ምርጫችንና ምርጫቸው አይገናኝም። የጫማ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። መጽሐፍ ብንሰጣቸው አንገታቸውን ደፍተው ያመሰግኑና ሳይገልጡት ሚያዝያ ይደርሳል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሁለት ዕቃዎች ላይ ነው፦ ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫና ፓወር ባንክ። ልጆቹን ብትጠይቋቸው ማዳመጫውን ይመርጣሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፓወር ባንክ ግዙ እላለሁ፤ ምክንያቴም ኪሳችሁ ነው።

ዘንድሮ ጠይቄ ያገኘሁት ዋጋ ይህን ይመስላል። ሁሉም ሰው «ኤርፖድ» የሚለው የማዳመጫ ኮፒ መንገድ ላይ በ600 ብር ይጀምራል። መገናኛ አካባቢ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ያው ዕቃ የተሻለ ካርቶን ለብሶ 1,200 ይባላል፤ መርካቶ ወርዶ የተከራከረ ሰው በ900 ይወስደዋል። ደህና የሚባል ባለ10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የሚይዘው የኃይል መጠን ነው) ፓወር ባንክ ከ1,700 እስከ 2,000 ብር ነው። በላዩ 10,000 ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነው ደግሞ 800 ብር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ካለፈ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በአምና ዋጋው የሚገኝበት ጊዜ አብቅቷል። በዚያ ላይ በዓል ሲቃረብ ሻጩ ሌላ መቶ ሁለት መቶ ብር ይጨምርበታል። ኅዳር ላይ የገዛ ሰው ቢያንስ የታክሲውን ያተርፋል።

900 ከ1,800 ያንሳል ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። በዘመድ አዝማድ ቤት ያየኋቸው የማዳመጫ ኮፒዎች ሦስት ወር ከቆዩ ብዙ ቆዩ ነው፤ በወር 300 ብር ማለት ነው። ደህና ፓወር ባንክ በጥንቃቄ ከተያዘ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ በወር 75 ብር። ለገና የተሰጠ ስጦታ ለፋሲካ ካልደረሰ፣ ስጦታው ለልጁ ሳይሆን ለሻጩ ነበር ማለት ነው።

ማዳመጫው ለምን ቶሎ ይሞታል? በየጆሮው ውስጥ ያለው ባትሪ ሽንብራ አያክልም። በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ያልቃል፤ ርካሹ ደግሞ ከመነሻውም ደካማ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ስሞታ «የግራው ዝም አለ» የሚል ነው። ከዚያ ማስቀመጫው መሙላት ያቆማል፤ ወይም አንደኛው ፍሬ ታክሲ ውስጥ ይወድቅና አንዱ ብቻውን ይቀራል። ለኮፒ ደግሞ የአንድ ጆሮ መለዋወጫ የለም። ጠጋኝ ጋ ብትወስዱት አገላብጦ አይቶ ይመልስላችኋል፤ በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ሳይሰበር አይከፈትም። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሙዚቃ ከፍቶ መሞከርም የሚነግራችሁ ነገር የለም። አዲስ ሲሆን ሁሉም ያምራል።

በእርግጥ ፓወር ባንክም ሌባ የሚጫወትበት ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ ሌብነቱን መያዝ መቻሉ ነው። የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የተሰጠው «ባለ20,000» የስልኩን ግማሽ እንኳን አልሞላ ሲለው መርካቶ ወደሚሠራ ጠጋኝ ይዘነው ሄድን። ሰውየው የካራ ጫፍ በስፌቱ አስገብቶ ከፈተው። ውስጡ አንዲት የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ክብ ባትሪ በአንድ ጥግ ተቀምጣለች፤ የቀረውን ቦታ የያዘው በፕላስቲክ የተጠቀለለ አሸዋ ነው። አሸዋው ለክብደት ነው። «ከበድ ያለውን ውሰጂ እህቴ፣ ኦሪጅናል ይከብዳል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥመኝ ያ አሸዋ ይታወሰኛል። እንደዚያ ያለችው ክብ ባትሪ ምርጧ እንኳን ከ3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙም አታልፍም፤ 20,000 ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በክብደቱ ሳይሆን በጀርባው ባለው ደቃቅ ጽሑፍ ፍረዱ። ጨዋ አምራች ፊት ለፊት 10,000 ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል በተግባር የሚሰጠው 6,000 ገደማ መሆኑን ያምናል። ማጭበርበር አይደለም፤ ባትሪው 3.7 ቮልት ነው፣ ለስልክ የሚያወጣው 5 ቮልት ነው፣ ቮልቱ ከፍ ሲል የሚሊ አምፒሩ ቁጥር ይወርዳል፤ በለውጡ ላይ ጥቂቱ በሙቀት ይባክናል። አስመሳዩ ግን ትልቁን ቁጥር ብቻ አድምቆ ይጽፋል፣ ስለ ትንሹ ትንፍሽ አይልም። ቀጥሎ ወደ ጆሯችሁ አስጠግታችሁ ነቅንቁት፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ አስቀምጡት። ቤት ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ጨርሶ እንዲያልቅ አድርጋችሁ ሙሉት። እውነተኛ ባለ10,000 በተራ ቻርጀር አራት አምስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በአንድ ሰዓት «ሞላሁ» ካለ ውስጡን መክፈት አያስፈልጋችሁም። ይህን ሙከራ ከበዓሉ በፊት አድርጉት፤ ብዙ ሱቅ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ለጥፏል፤ ስለዚህ ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የሳምንት ዋስትና በእጁ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። እምቢ ካለ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው። በቴሌግራም የሚሸጡትም ደጃፍ ድረስ ያመጣሉ፤ ዕቃውን ሳታዩ በቴሌብር ክፈሉ ካሏችሁ ግን ተዉት።

ጥገናው ላይ ፓወር ባንክ ይበልጥ ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገመዱ የሚሰካበት አፍ ነው፤ ልጆች ስልካቸውን በገመዱ አንጠልጥለው ስለሚሄዱ ይላላል። ጠጋኝ በመቶ ሁለት መቶ ብር መልሶ ይበይደዋል። ባትሪው ካለቀ ግን ተጠንቀቁ፤ «አዲስ ቀየርኩልህ» ብለው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ የሚገጥሙ አሉ። ሆዱ የተነፋ ፓወር ባንክ ደግሞ አይጠገንም፣ አይበሳም፣ ቤት ውስጥም አይቀመጥም። ልጁ ማታ ትራስ ሥር አስቀምጦ ስልክ እየሞላ እንዳይተኛም አብራችሁ ንገሩት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

መብራት ሲጠፋ ስልኩን ይዞ የሚያጠና ልጅ ጥቅሙን በሳምንቱ ይረዳዋል። እናቱ ትዋሰዋለች፣ ታላቅ ወንድሙ ይሰርቀዋል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ካሉ ለሁለቱ አንድ ገዝታችሁ ወጪውን በግማሽ መቁረጥ ትችላላችሁ። ማዳመጫ እንዲህ አይጋሩትም።

እጃችሁ ላይ ያለው 500 ብር ብቻ ከሆነ ሽቦ አልባውን ኮፒ ከመንገድ አንስታችሁ ገንዘቡን አትጣሉ። ባለ ሽቦው ደህናው ከ250 እስከ 400 ብር ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ሽቦው ከመሰኪያው ሥር ቢበጠስ ተቆርጦ ይበየዳል። ልጁ መጀመሪያ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፤ ይለምደዋል። ብቻ ስልኩ ክቡ ቀዳዳ እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ርካሾቹ ስልኮች በአብዛኛው አላቸው፤ የሌለው ከሆነ በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካውን ዓይነት ጠይቁ። ማልያም በዚህ ዋጋ ይገኛል፤ ነገር ግን የርካሹ ማልያ ቁጥር ከሁለት እጥበት በኋላ መላጥ ይጀምራል።

ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች «እዚያ ይረክሳል፣ ያምጣልን» ትላላችሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ፓወር ባንክ በአውሮፕላን የሚሳፈረው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወሰድበታል። በኤሚሬትስ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው አንድ ፓወር ባንክ ነው፤ አቅሙም በላዩ ላይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ለሦስት የወንድም ልጆች ሦስት እንዲያመጣ አትዘዙት፤ ሁለቱን ከዚሁ መርካቶ፣ ከኅዳር ሳያልፍ።