በፍራንክፈርት በኩል ወደ እንግሊዝ ልትሄዱ ትኬት የምትቆርጡ የወሎ ልጆች፣ ቆም በሉ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ባለፈው ዓመት ለታናሽ እህቴ የሸጠውን መንገድ ሰሞኑን ለአንድ የሐይቅ ልጅ እየሸጠ መሆኑን ሰማሁ። ስሙን አልጠራም። መንገዱም ያው፣ ቃሉም ያው ነው፦ «አብሽር፣ የእንግሊዝ ቪዛ ከያዝክ በአውሮፓ ማለፍ ችግር የለውም።»

ችግር አለው።

እህቴ ማንቸስተር ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋት ቪዛዋን ይዛ ነበር። ሰውየው በፍራንክፈርት የሚያልፍ ትኬት አቀረበላት፤ ከቀጥታው የለንደን በረራ በብዙ ሺህ ብር ይቀንሳል። አባቴ «መሀል ላይ ሌላ ቪዛ አይጠይቋትም?» ቢለው፣ «አባባ፣ ከአየር ማረፊያው አትወጣም እኮ፤ አብሽሩ» አለ። እኛም አበሸርን።

400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘን ቦሌ ደረስን። በርበሬና ድርቆሽ የታጨቀበት ሻንጣዋ ሚዛን ላይ እንዳለ ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን ከፊት ወደ ኋላ ገለጠች፤ ደግማ ከኋላ ወደ ፊት። «የጀርመን ትራንዚት ቪዛሽ የታለ?» እናቴ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ገና ዱዓዋን አልጨረሰችም፤ እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ የ12 አገሮች ዜጎች ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለመሸጋገር ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ እንዲይዙ ያስገድዳሉ። ኢትዮጵያ ከ12ቱ አንዷ ናት። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን ወይም የአየርላንድ የጸና ቪዛ ይዞ ወደዚያው የሚሄድ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። እንግሊዝም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳለች ቪዛዋ እንዲሁ ያሳልፍ ነበር። ከኅብረቱ ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ ይህ ቀረ። ስለዚህ ሰውየው ዋሸን አልልም፤ ያረጀ እውቀት ሸጠልን። ገንዘቡን ግን በዛሬ ዋጋ ነው የተቀበለው።

በሠራተኛዋ አልተቀየምኩም። ቪዛ የሌለው ሰው የሚያሳፍር አየር መንገድ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይቀጣል፤ ተሳፋሪውንም መልሶ ማምጣት አለበት።

ወኪሉ ዘንድ ስንመለስ አብሽር የለም። ትኬቱ ግርጌ ላይ በደቂቅ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር በጣቱ አሳየን፦ የጉዞ ሰነድ ማሟላት የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው። ገንዘብ የማይመለስበት ትኬት ስለነበር የተመለሰልን የኤርፖርት ግብሩ ብቻ ነው። እህቴ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በቀጥታው በረራ ሄደች፤ ትምህርቱ ተጀምሮ ነበር።

ትራንዚት ቪዛውን ላውጣ ብትሉም 90 ዩሮ ነው። የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የአዲስ አበባ ምልልስና የአልጋ ወጪ ሲጨመርበት ርካሽ የተባለው ትኬት ከቀጥታው ይብሳል። በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ቀጥለው ከሸጡላችሁ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው፤ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ ካለባችሁ አገሩ ውስጥ መግባታችሁ ነውና የትራንዚቱ ቪዛም አይበቃም። በአሜሪካ በኩል የምታልፉማ «ከኤርፖርት አልወጣም» የሚባል ነገር እዚያ የለም፤ ለማለፍም ቪዛ ይጠየቃል።

ወኪሉን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ለኢትዮጵያ ፓስፖርት በዚህ መንገድ ትራንዚት ቪዛ አያስፈልግም» ብሎ በማኅተም ይጻፍላችሁ። አየር መንገዶች የሚያመሳክሩት ቲማቲክ የሚባል መዝገብ አለ፤ እሱንም ዜግነታችሁን አስገብቶ ፊታችሁ ይክፈተው። የእኛው ሰው ኋላ ላይ ስለ ቲማቲክ ብጠይቀው ቲማቲም ያልኩ ይመስል ሳቀብኝ።

የሐይቁን ልጅ ስልክ እያፈላለግሁ ነው። ቀብድ ከፍሏል፣ ቀሪውን ሐሙስ ይሰጣል ብለውኛል። የምታውቁት ካላችሁ ከሐሙስ በፊት ንገሩት።