የአያት ቤሬታ ጥይት ሲጠፋ፦ ቀለህ መሙላት ወይስ የተዘጋጀ መፈለግ?

ወሎ ውስጥ ከአያቱ የጣሊያኑን ሽጉጥ ቤሬታ 1934 የወረሰ ሰው መጨረሻው ይሄ ጥያቄ ነው፦ የተተኮሰውን ቀለህ እንደገና መሙላት ወይስ የተዘጋጀ ጥይት መፈለግ? ጥይቱ 9 ኮርቶ ነው፣ 9 በ17 ሚሊ ማለት፣ እንደ ማካሮቭ ሽጉጥ 9 በ18 በየቦታው አታገኘውም።

ዋጋ፦ መሙላት ርካሽ ይመስላል እንጂ ፕሬሱ (መሙያ ማሽኑ)፣ ሚዛኑ፣ ባሩዱ፣ መለኮሻው (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቂጡ ላይ ያለው) ሁሉ ይገዛል፣ ለ10 ጥይት ብለህ አታወጣውም። የተዘጋጀው አንዱ ቢወደድም በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ቀለህ፦ ቂጡ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ያለው የናስ ቀለህ ይሞላል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው፣ በርዳን የሚባለው ግን መለኮሻውን ማውጣቱ ራሱ ስቃይ ነው፣ የድሮ ወታደር ጥይት ደግሞ ብዙው እንደዛ ነው።

አደጋ፦ እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ። ይሄ ሽጉጥ ብሎውባክ ነው፣ ሲተኮስ ግፊቱን የሚይዘው ስፕሪንጉና የላይኛው ብረት ክብደት ብቻ ነው፣ ባሩድ ከበዛ ቀለሁ ጨርሶ ሳይወጣ ሊፈነዳና እጅ ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ ከክላሽ ጥይት ባሩድ ገልብጦ መሙላት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። የማካሮቭ አረርም 9.27 ሚሊ ነው የኮርቶው 9.02፣ አይሆንም ወንድሜ። የተዘጋጀውም ቢሆን ዝገትና እርጥበት እንዳልነካው ይታያል።

ሁለቱም ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ከሚፈቅደው ውጭ አይሆንም።

መሙላት የሚሆነው በሕግ ተፈቅዶለት፣ ሙሉ መሣሪያ ይዞ፣ ዒላማ አዘውትሮ ለሚተኩስ፣ እንደዛ ያለ ሰው እኛ አገር ብዙ አላይም። አንዴ ሁለቴ ለሚፈልገው የተዘጋጀው። ለማስታወሻ ላስቀመጠው ደግሞ ሽጉጡን ባዶውን ዘይት ቀብቶ ቢያኖረው ይበቃዋል።