«የፋብሪካ ቀለም ክሊር የለውም» ለሚላችሁ የፖሊሽ ሠራተኛ የመኪናችሁን ቁልፍ አትስጡ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በእንጅባራ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ባለፈው ጥቅምት ሳላውቅ የገባሁበትን ውል እናንተም እንዳትገቡበት ለማስጠንቀቅ ነው። ውሉ ሲቀርብ እጅግ ቀላል ይመስላል። የደበዘዘው ቀለም በአንድ ቀን ሥራ እንደ አዲስ ያበራል ይባላል፤ መኪናውም በእርግጥ አብርቶ ይወጣል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ገንዘቡ ከተከፈለና መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ነው። እኔ 4,500 ብር ከፍዬ ያተረፍኩት፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መከላከያ፣ ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ የላይ ሽፋን፣ በከፊል ያጣ ኮፈን ነው።

መኪናዬ ብርማ ሜታሊክ ቀለም ያላት፣ ያገለገለች ኮሮላ ስትሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የመሥሪያ ቤቴ ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታት ስለምትውል ኮፈኗና ጣሪያዋ ወዛቸውን አጥተው ነበር። ለማሳጠብ ወደ አንድ ላቫጆ ጎራ ባልኩበት ቀን፣ በዚያው ግቢ የፖሊሽ ሥራ የሚሠራ ሰው ቀረበና፣ «ወንድምዓለም፣ የፋብሪካ ቀለም እኮ ክሊር የለውም፤ ክሊር እዚህ ዱኮ የሚቀቡት ሰዎች ያመጡት ነገር ነው። ያንተ ቀለም ላዩ ሞቷል፤ የሞተውን በኮምፓውንድ ገፍፈን ብናነሣው ከሥሩ አዲሱ ይወጣል» አለኝ። ለማረጋገጫም ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ኮምፓውንድ፣ ማለትም ቀለም የሚፍቅ ቅባት፣ ጠብ አድርጎ ገና ያልታጠበውን ኮፈን ሁለት ሦስት ጊዜ አሸና፣ የጠቆረውን ጨርቅ አሳየኝ። ጨርቁን ያጠቆረው የመኪናዬ ቀለም ሳይሆን በላዩ የተጋገረው አቧራና የመንገድ ጥቀርሻ መሆኑ የገባኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ማስረጃውን በዐይኔ ያየሁ መስሎኝ ቁልፉን አስረከብኩት።

የተነገረኝ ነገር እውነት አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ ቀለምን በክሊር መሸፈን በመኪና ፋብሪካዎች እየተስፋፋ መጥቶ ዛሬ የተለመደው አሠራር ሆኗል። ባዶው ቆርቆሮ በመጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የዝገት መከላከያ ይለብሳል፤ በዚያ ላይ ገጽታውን የሚያስተካክል ፕራይመር፣ በፕራይመሩ ላይ ዐይናችን የሚያየው ቀለም፣ በመጨረሻም ክሊር የምንለው ቀለም አልባ ሽፋን ይረጫል። እነዚህ አራቱ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ናቸው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ስለሆነ፣ ጠቅላላው ውፍረት ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ብዙም አይርቅም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ በአማካይ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ደግሞ ከክሊሩም የቀጠነ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው፣ ይህ ከሥር ያለው ቀለም በራሱ የማያንጸባርቅ፣ ድፍን መልክ ያለው መሆኑ ነው። መኪናውን የሚያብለጨልጨው ክሊሩ ነው። ስለዚህ ክሊሩ ተፍቆ ቢያልቅ «ከሥሩ የሚወጣ አዲስ» የሚባል ነገር የለም፤ የሚወጣው ፈዛዛው ቀለም፣ ከዚያም ፕራይመሩ ነው።

ክሊሩ የሚሰጠው አገልግሎትም ውበት ብቻ አይደለም። ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚያጣሩ ቅመሞች ያሉት በእርሱ ውስጥ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናቸውን ስናስብ፣ በእኛ አካባቢ ውጭ የሚያድር መኪና ክሊሩን እንደ ዐይኑ ብሌን ሊጠብቀው ይገባል። በጣና ዳር ዛፍ ሥር መኪና የምታቆሙ ሰዎች የወፍ ኩስ ሳይታጠብ ፀሐይ ሲያገኘው ምን ዓይነት ጠባሳ እንደሚተው ታውቁታላችሁ፤ ያን ጠባሳ በመጀመሪያ የሚቀበለው ክሊሩ ነው።

ሰውዬው ሆን ብሎ ዋሸኝ ብዬ ለመደምደም እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም አባባሉ ትክክል የሚሆንባቸው መኪኖች በእኛ አገር በብዛት አሉ። ቀለሙና መከላከያው አንድ ላይ ተዋሕደው በአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ የተቀቡ፣ ክሊር የሌላቸው መኪኖች ከፋብሪካ ይወጡ ነበር፤ በተለይ ሜታሊክ ያልሆኑ ነጮች። ለምሳሌ ቶዮታ በቁጥር 040 የሚታወቀውን ነጭ ቀለሙን በብዙ ሞዴሎች ላይ ያለ ክሊር ቀብቶታል። በፍኖተ ሰላም የሚኖረው የእህቴ ባል እንዲህ ያለ አሮጌ ነጭ ሃይሉክስ አለው፤ በእጃችሁ ብትዳብሱት መዳፋችሁ እንደ ጠመኔ ነጭ ይሆናል። ያንን መኪና በኮምፓውንድ ቢያሹት የላዩ የተበላው ንብርብር ይነሣና ከሥሩ ያው ቀለም፣ ያውም ጤነኛው፣ ይወጣል። የፖሊሽ ሠራተኛው በየዕለቱ በነጭ ሚኒባሶችና በነጭ ፒክአፖች ላይ ይህን ውጤት ሲያይ ኖሮ፣ ለሁሉም መኪና ይሠራል ብሎ ቢያምን አይደንቅም። እኔን የጎዳኝ ግን ይኸው ጅምላ ፍርድ ነው፤ አንዱን የሚያድነው መድኃኒት ሌላውን ገድሎታል።

እንግዲህ የራሳችሁ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ልታውቁ ትችላላችሁ። ቀለሙ ሜታሊክ ወይም እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ከሆነና የፋብሪካ ቀለም ከሆነ፣ በዘመናችን መኪኖች ላይ ክሊር አለው ብላችሁ ተነሡ። ቀለሙ ድፍን ነጭ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን መመርመር ያስፈልጋል። የቀለሙ ቁጥር በኮፈኑ ሥር ወይም በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ በቶዮታ መኪኖች ላይ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር እርሱ ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የቀለም መቀመሚያ ያለው ሱቅ ብትጠይቁ፣ ቀለሙ ክሊር የሚፈልግ ይሁን አይሁን ከመዝገባቸው አይተው ሊነግሯችሁ ይችላሉ።

የጨርቁ ሙከራም በአግባቡ ከተሠራ ጥሩ ሙከራ ነው። መኪናው በሻምፑ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከዚያም ብዙ ፀሐይ ባላገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የታችኛው ክፍል ላይ፣ ጥቂት ለስላሳ ፖሊሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በእጅ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ ካልያዘ ክሊር አለ። ለነጭ መኪና ነጭ ጨርቅ ምንም ስለማያሳይ ጥቁር ጨርቅና ራሱ ነጭ ያልሆነ ፖሊሽ ተጠቀሙ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሞክራችሁ አትወስኑ፤ በርን፣ ፓራፋንጎንና ጣሪያን ለየብቻ ሞክሩ፤ ምክንያቱም ያገለገለ መኪና አንዱ ክፍሉ እዚህ አገር ተቀብቶ፣ ሌላው የፋብሪካ ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ ቀለም ሳይለቅ ኮፈኑ ላይ ከለቀቀ፣ የኮፈኑ ክሊር ቀድሞውኑ ሳያልቅ አልቀረም፤ ይህን ያየ ሰው ማሽን ማስነካት የለበትም።

የእኔን መኪና በሩን አጥቤ የሞከርኩት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ጨርቁ ምንም ቀለም ሳይዝ ወጣ። ኮፈኑ ግን ጠርዝ ጠርዙንና መሐሉ ላይ ባለው እጥፋት ላይ ፈዛዛ መስመሮች አውጥቶ ነበር። በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ግፊቱና ሙቀቱ በጠባብ ቦታ ይከማቻል፤ ክሊሩ ደግሞ ጠርዝ ላይ ይበልጥ ይሳሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጠንቃቃ ሠራተኛ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጠርዞቹን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር የሚሸፍነው ለዚህ ነው። መለኪያ ያለው አንድ ቀለም ቀቢ ሲለካልኝ በሮቹ 115 ማይክሮን አካባቢ ሲያሳዩ፣ የኮፈኑ ጠርዝ 70 ብቻ ሆኖ ተገኘ። መለኪያው የሚያሳየው የሁሉንም ንብርብር ድምር እንጂ የክሊሩን ለብቻ አይደለም፤ በፕላስቲክ ፓራውልት ላይም አይሠራም። ሆኖም ከሥራው በፊት ለክተው ቁጥሩን የሚያሳዩዋችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ያ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ፖሊሽ ስትገዙም ሆነ ስታስቀቡ «ፖሊሽ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እወቁ። ኮምፓውንድ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ነው፤ ጭረትን የሚያጠፋው ጭረቱን ሞልቶ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ክሊር ዝቅ አድርጎ ነው። ትክክለኛው ፖሊሽም ይፍቃል፣ ነገር ግን በጣም በደቀቀ ዱቄት ነው። ዋክስ ምንም አይፍቅም፤ ላዩን ሸፍኖ ውኃንና ፀሐይን ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ይከላከላል። ለቀድሞዎቹ ክሊር አልባ ቀለሞች የተሠሩት ሸካራ ኮምፓውንዶች ዛሬም በየሱቁ አሉ፤ ዋጋቸው ረከስ ስለሚል ብዙ ላቫጆዎች የሚጠቀሙት እነርሱን ነው። ክሊር ያለው መኪና ካላችሁ ጣሳው ላይ ለክሊር ኮት የሚስማማ መሆኑ የተጻፈበትን ፈልጉ፤ ይህ ጽሑፍ ግን ዱቄቱ የደቀቀ ነው ማለት እንጂ አይፍቅም ማለት አይደለም። ደብዝዞ ለታየ መኪና ሁልጊዜ የሚጀመረው ከሁሉ በሚለሰልሰው ነው። ለስላሳው በአንድ ክንድ ስፋት ላይ ተሞክሮ በቂ ሆኖ ከተገኘ፣ ሸካራውን የሚያስከፍት ምክንያት የለም። የእኔ ኮፈን፣ አሁን እንደምረዳው፣ በእጅ የሚቀባ ለስላሳ ፖሊሽና ዋክስ ብቻ ይበቃው ነበር።

የዳሽቦርድ ማብሪያ ቅባት በገላው ላይ የሚቀቡም አሉ። ብርሃኑ ለጥቂት ቀን ይቆያል፤ በውስጡ ያለው ሲሊኮን ግን ሙሉ በሙሉ ሳይጸዳ መኪናው በኋላ ቢቀባ አዲሱ ቀለም አልይዝ እያለ ክብ ክብ ጉድጓዶች ያወጣል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማድረግ ያለባችሁን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ ኮምፓውንዶችና ፖሊሾች ዘይት ስላላቸው ጭረቱን ለጊዜው ይሞሉታል፤ መኪናው ከጥላ ሥር ሲታይ እንከን የለሽ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ግን ዘይቱ ይለቅና እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ክብ ጭረቶች በፀሐይ ብርሃን ይወጣሉ። በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ከኮፈኑ ላይ አንድ መዳፍ የሚያክል ቦታ ጥረጉና ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ተመልከቱ። የተጠረገው ቦታ ካልተጠረገው እኩል ካበራ ሥራው እውነተኛ ነው፤ ጭረት ካወጣ የከፈላችሁት ለዘይት ነው። ይህን ሙከራ በቅርቡ በተቀባ፣ ገና ባልጠነከረ ቀለም ላይ ግን አታድርጉት። ሠራተኛው በሙከራው የማይስማማ ከሆነ ከመጀመሪያውም ሥራውን አትስጡት።

ክሊሩ መላጥ የጀመረ፣ ነጫጭ ቅርፊት ያወጣ መኪና ያላችሁ ሰዎች ደግሞ «ክሊር የሚመልስ ፖሊሽ አለን» ከሚሉት ተጠበቁ። በጨርቅ የሚታሽ ፖሊሽ ክሊርን ይቀንሳል እንጂ አይተካም። የተላጠ ክሊር መፍትሔው ያንን ክፍል አሽቶ ቀለሙንና ክሊሩን ከማጠንከሪያው ጋር እንደገና መርጨት ነው፤ ይህን በግልጽ የሚነግራችሁ ባለሙያ ገበያውን እያጣ እውነቱን የሚነግራችሁ ነውና አክብሩት።

ወደ ላቫጆው ተመልሼ ስጠይቅ ደረሰኝ ስላልነበረኝ ክርክሩ ረዘመ፤ ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ሰውዬው ግማሹን ገንዘብ መለሰልኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህን መብት ይዞ ለመከራከር ግን ደረሰኝ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍና የተቀባው ነገር ስም ሊኖራችሁ ይገባል፤ እኔ ከሦስቱ አንዱም አልነበረኝም። አሁን ኮፈኑን እስካስቀባው ድረስ በየሁለት ወሩ ማለዳ፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ በእጄ ዋክስ እቀባዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ ስደርስ ግን የቀረችው ስስ ሽፋን እንዳትነሣ ጨርቁን ሳልጫን አሳልፈዋለሁ።